ከነሰው የተሸጠ ቤት

ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ከቤቱ በፊት የሚገዛው ደላላውን ነው። ይህን የተማርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። እኔ የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ፤ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሞነጫጭር ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ገበያ የሚባለው ነገር ዘመዴ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴና እኔ ከደመወዛችን ያጠራቀምነውንና እሷ ከአባቷ የወረሰችውን አንድ ላይ አድርገን፣ ክፍል ክፍሉን ለመንግሥት ሠራተኛ የምናከራየው ግቢ ለመግዛት ቆረጥን። ከዚያ በኋላ መምህራን ሻይ በሚጠጡበት ሁሉ "ኢንቨስትመንት" የምትለዋን ቃል እያነሳሁ ሰው አሰለቸሁ። አንድ የአማርኛ መምህር "አዴት ላሉት እናትህስ ያንን የሚያፈስ ቆርቆሮ ቀየርህላቸው?" ሲል ጠየቀኝ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

የያዙኝ ደላሎች ሁለት ነበሩ። ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ይምላል፣ አንዱ ያወራል። የሚምለው ሽማግሌው ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ፣ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ቆሞ ይሳለማል። የሚምለው በዕለቱ ታቦት ነው፤ በሚካኤል ቀን በሚካኤል፣ በማርያም ቀን በማርያም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲያሳይ ግን በነገው ታቦት ይምላል፤ የዛሬው እንዳይቀየመው። የሚያወራው ወጣቱ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ሰንብቶ ስለተመለሰ ቦታን "ሎኬሽን"፣ ዋጋን "ፋይናል"፣ እኔን ደግሞ "መምህርዬ" ይላል። ሽማግሌውን "ፋዘር" ይለዋል፤ ሽማግሌውም በዚህ ስም በተጠራ ቁጥር ፊቱን እንደ ኮሶ ጠጪ ያጨማድዳል። ያም ሆኖ ኮሚሽን ሲካፈሉ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

መጀመሪያ ቡሬ ወሰዱኝ። ቡሬ ላይ ቤት ሁሉ የሚለካው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። ያየሁት ቤት ሁሉ ከፓርኩ አምስት ደቂቃ ነበር።

"አምስት ደቂቃ በምን?" አልኩት ወጣቱን።

"በመኪና ነዋ፣ መምህርዬ።"

"መንገድ የለውም እኮ።"

"ሲሠራ ነው የምልህ።"

ቀጥሎ ጅጋ ሄድን። አስፋልት ዳር ያለች ቤት ናት፤ ገበያ የመጡ ገበሬዎች ደጇ ላይ አህያ ያስራሉ። "ፓርኪንግ አላት" አለኝ። በየሄድንበት ደግሞ "ሌላ ገዢ" የሚባል ሰው በር ላይ ቆሞ ስልክ ያናግራል። ቡሬ ላይ የመራዊ እህል ነጋዴ ነው ተባልኩ፤ ጅጋ ላይ ከውጭ አገር የመጣ ባለሀብት ነው ተባልኩ፤ ጫማው ግን ያው ነበር። በሦስተኛው ቤት ደጅ ሳገኘው ሰላም ተባባልንና ስለ ልጆቹ ጤና ጠየቅሁት።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ግቢ አሳዩኝ። ወዲያው ወደድኩት። አንድ ዋና ቤት፣ ተከራይ የሞላባቸው መደዳ ክፍሎች፣ መሀል ላይ የማንጎ ዛፍ። ከማንጎው ሥር ደግሞ ብቻዋን የቆመች የጭቃ ክፍል ነበረች፤ ተቆልፋለች።

"ይቺስ?" አልኩ።

"ዕቃ ቤት ናት" አለ ወጣቱ።

ሽማግሌው ጃንጥላውን ዘርግቶ ማንጎውን ማየት ጀመረ። አልማለም። ደላላ ሳይምል የቀረበትን ነገር ቆም ብሎ መመርመር እንደሚገባ ማን ይንገረኝ? እኔማ ያቺን ክፍል እዚያው ቆሜ በልቤ አፍርሼያት፣ በቦታዋ የብሎኬት ሰርቪስ ሠርቼ፣ ተከራይ አስገብቼበት ነበር።

ሻጩ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር የቸኮለ ሰው ነው። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ረከስ ይላል፤ ምክንያቱም ይኸው መቸኮሉ ነው ተባልኩ። እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም ብዬ ማዘጋጃ ቤት ተመላለስኩ። ካርታው ንጹሕ፣ ግብሩ የተከፈለ፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት። ውሉን ተፈራረምን፤ እማኝ ቆመ፤ ስም ዞረ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ሳሩን በማኅተም ማረጋገጤ ነው።

ቁልፉን በተረከብኩ ማግስት ግንበኛ ይዤ ያቺን የጭቃ ክፍል ስናስለካ የግቢው በር ተከፈተ። የመነኩሲት ቆብ ያደረጉ አሮጊት ገቡ። ጀርባቸው ላይ ፀበል የሞላ ቢጫ ጀሪካን አዝለዋል፤ እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ ነው። ለሰላምታ እንኳ ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ እኛ መጡና ከአንገታቸው፣ ከመስቀላቸው ጋር ካሰሩት ክር ላይ፣ ቁልፍ አውጥተው "ዕቃ ቤቱን" ከፈቱት። ውስጡ መደብ አለ፤ መደቡ ላይ የተነጠፈ አጎዛ አለ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ዞር አሉ።

"አዲሱ አንተ ነህ?"

"አዲሱ ምን?"

"ጧሪዬ ነዋ።"

ግንበኛው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ነገሩን እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጠው በዝግታ አጫወቱኝ። ግቢው የእሳቸውና የሟች ባላቸው ነው። ልጅ አልወለዱም። ሻጬ የባላቸው የወንድም ልጅ ነው፤ ግቢውን በስሙ ያዞሩለት እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊጦራቸው፣ ሲሞቱም ሊቀብራቸውና ተዝካራቸውን ሊያወጣ በሽማግሌና በንስሐ አባታቸው ፊት ምሎ ነው። ወረቀት የለም። ለምን እንደሌለ ብጠይቃቸው ታዘቡኝ።

"ኸንስሐ አባት ፊት የተባለን ነገር ምን ወረቀት ያሻዋል? እኔ የምሻው አንድ ነገር ነው ልጄ። ባሌ በዚህ በር ነው በቃሬዛ የወጣ። እኔም ኸዚሁ ኸደጄ ልውጣ። ኸሰው ደጅ እንዳልወጣ ብቻ።"

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ።

"እናት አለችህ?"

"አሉኝ። አዴት ናቸው።"

"ማን ይጦራታል?"

"እህቴ።"

"እህትህን እግዜር ይስጣት" አሉና ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በንዴት እየጋየሁ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ደላሎቹ ወደሚቀመጡባት ጥላ ሄድኩ። አረጋዊቷ ቤቱ በታየበትም ውሉ በተፈረመበትም ቀን የት ነበሩ ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው አልደነገጠም። "ፀበል በባጃጅ ልከናቸው ነበር፤ ለጤናቸው" አለኝ። አስከትሎም እንደ ንስሐ አባት ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቀኝ ጀመር።

"መምህር፣ ስለ ውሃው ጠይቀውናል?"

"ጠይቄያለሁ።"

"ስለ መብራቱስ?"

"ጠይቄያለሁ።"

"ስለ ካርታው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ሽንት ቤቱ?"

"እሱንም።"

"ማን አለበት ብለው ጠይቀውናል?"

ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ቀጠለ።

"የዚህ አገር ሰው ቤት ሲገዛ ወረቀት መጨረሻ ነው የሚያይ። ቀድሞ ጎረቤት ነው የሚጠይቅ፤ ማን ሞተበት፣ ማን ቀረበት ብሎ። እርስዎ ማዘጋጃ ቤት ሲመላለሱ አንድ ቀን እንኳ የጎረቤት ደጅ አልመቱም። እኛም የተማረ ሰው ነው፣ የሚያደርገውን ያውቃል አልን።"

"ዕቃ ቤት ነው ብላችሁኛል!"

"እኔ? ዛሬ በቆመው ገብርኤል፣ ኸአፌ አልወጣም።"

እውነቱን ነው፤ ከሱ አፍ አልወጣም። ለዚህ ነው ሁለት ሆነው የሚሄዱት። ወጣቱ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ፖዚቲቩን እየው መምህርዬ፤ ዘበኛ በነፃ ነው ያገኘኸው" አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ በራሴ ላይ ሲተረት ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግራት የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። "ኪራይ እሰበስባለሁ ብለህ አማት ሰብስበህ መጣህ? አንዷ አዴት አለችኝ፤ ሁለተኛዋን በካርታ ገዛህልኝ!" አለች። ሆኖም ዕቃችንን አንስተን ዋናው ቤት በገባንበት ቀን ምሳ ስታቀርብ ለእማሆይም አንድ ሰሃን ለየች። እማሆይ ነበር ሰፈሩ የሚጠራቸው፤ እኛም እንዲያው ጠራናቸው።

ሰንበት ሲደርስ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፤ ስለ በቆሎው ተጫወቱ፤ መንገድ ተዘግቶ ስለመክረሙ ተጫወቱ። ስለ እማሆይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊነሱ ሲሉ አንደኛው የማንጎውን ግንድ እየዳበሰ፣ "ይህችን ዛፍ ባልየው ናቸው የተከሏት። ቤት የገዛ ሰው ጥላውንም ይገዛል" አለ። ነገሩ ገባኝና ተቆጣሁ። ውሌ ላይ የሌለ ግዴታ አልወስድም፣ ወረቀቱ ላይ እሳቸው የሉም አልኩ።

"እሱስ ልክ ነህ" አለ ግንዱን የዳበሰው ሽማግሌ። "እኛም ወረቀቱ ላይ የለንም።" ምርቃታቸውን ሰጥተውኝ ወጡ።

እማሆይ በበኩላቸው ግቢውን ያስተዳድሩ ጀመር። በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ክፍል ሊከራይ የሚመጣውን ከእኔ በፊት እሳቸው ያናግሩታል። እኔ የምጠይቀው የሥራ መታወቂያ ነው፤ እሳቸው የሚጠይቁት "ስትቆጣ ምን ትሰብራለህ?" እያሉ ነው። አንዱ ሳቅ ብሎ "ብርጭቆ" ቢላቸው "የኛን ብርጭቆ አትጨርስብን፣ ሌላ ቦታ እይ" ብለው ሸኙት። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ያንን ቀን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደዋሸ ይተርኩልኛል። እየቆየሁ ስሄድ፣ ለማንም ባልናገርም፣ ያንን ሰዓት መናፈቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ግን ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። ከመደቡ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ስበው ከፈቱ። የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አወጡ፤ መገነዣቸው ነው።

"የት እንዳለ እወቀው። ያን ዕለት እንዳትደናበር።"

ቤት የገዛሁት ኪራይ ላስገባበት ነው እንጂ ሬሳ ላስወጣበት አልነበረም። ፈራሁ፤ ፍርሃቱም ወዲያው ንዴት ሆነ። ለእኔ ምኔ ናቸው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ አይደለም? በማግስቱ ለደላሎቹ ደውዬ ቤቱን እሸጣለሁ አልኳቸው።

የደስታቸው ነገር! አንዱን ቤት በአንድ ዓመት ሁለቴ መሸጥ ለደላላ የፋሲካ ድፎ ነው። ወዲያው ከቡሬ የእህል መጋዘን ያለው ሰው አመጡ። የዚህን ሰው ጫማ አይቻለሁ፤ እውነተኛ ገዢ ነበር። ወጣቱ ሎኬሽን እያለ፣ ሽማግሌው እየማለ ግቢውን አዞሩት። ሊወጡ ሲሉ እማሆይ በር ላይ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

"እናት አለችህ ልጄ?"

"የሉኝም እማሆይ፤ አርፈዋል።"

"ነፍስ ይማር። እንግዲያውማ ቦታው ክፍት ነው። ና ግባ፤ ጧሪዬ አንተ ነህ።"

ሰውየው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየና ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋም። እኔ ማንጎው ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሽማግሌው ደላላ ከዚያ ቀን በፊት የዕለቱን ታቦት ረስቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን የሚምልበት ጠፍቶት ቆመ።

ሳቄ ሲያልቅ ንዴቴም አብሮ አለቀ። ገዢን በአንድ ጥያቄ የሚያባርር ሰው እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ውስጥ የለም። "ተዉት፤ አልሸጥም" አልኳቸው።

"እሺ፣ መምህር" አለ ሽማግሌው።

አልማለም። አንዴ የተማርኩትን ነገር እንደገና ሳላስተውለው አለፍኩ።

"ማን ይጦራታል?" የምትለዋ ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። ትምህርት ሲዘጋ ባለቤቴን ይዤ አዴት ሄድኩ፤ የእናቴን ቆርቆሮ ልቀይር። መቀየሩንም ራሴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው የቀየርኩት፤ እጄ ተቦጫጨረ፤ እናቴ ከታች ሆነው ትወድቃለህ እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲቆጡኝ ዋሉ። እህቴ መሰላሉን ደግፋልኝ ዋለች። ያ ድጋፏ ከእናቴ ቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ስንመለስ በር ላይ ማንም አልተቀመጠም። የጭቃዋ ክፍል ተቆልፋለች። ከተከራዮቻችን አንዷ ነርስ ናት፤ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና እማሆይ የት ሄዱ አልኳት።

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የላኳቸው?" አለች ግራ ገብቷት። "ትናንት ደላሎቹ ባጃጅ ይዘው መጡ። መምህር ለጤናዎ ፀበል ይሰንብቱ ብለዋል አሏቸው። ነገ ከሰዓት ገዢ እናመጣለን፣ መምህርም ሲመጡ ገንዘቡን አይተው እሺ ይላሉ ሲባባሉ ሰምቻለሁ።"

"እማሆይስ ምን አሉ?"

"ምንም። ሳጥናቸውን ከፍተው አንድ ነገር በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ወጡ።"

ምን እንደጠቀለሉ አውቃለሁ። ሰው ፀበል የሚሄደው ለመዳን ነው፤ መገነዣውን ይዞ የሚሄድ ግን መመለሻ የለኝም ያለ ሰው ነው። ባለቤቴ "ምን ትቆማለህ!" ብላ ገፋችኝ። ባጃጅ ያዝኩ።

ፀበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ወንዝ ዳር ነው። ባጃጁ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቀረ፤ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ተጠማቂው ሁሉ ጀሪካኑን ደርድሮ ተራ ይጠብቃል። እማሆይ ከሰው ተለይተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቅልሉ ጉልበታቸው ላይ ነው። ሲያዩኝ አልተነሱም።

"ለስንት ሸጥኸኝ?" አሉኝ።

"አልሸጥሁም እማሆይ።"

"ዋ! አትሸሽገኝ። የፊተኛውም ፀበል ልኮኝ ነው የሸጠ። ይህ ፀበል ለእኔ ሳይሆን ለቤቱ ነው የሚበጅ።"

"እውነቴን ነው። እኔ አልላክሁም። አዴት ነበርሁ፤ የእናቴን ቆርቆሮ ልቀይር።"

እጄን ያዙና የተቦጫጨረውን አገላብጠው አዩት።

"ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?"

"ልወስድዎት ነዋ።"

አንዱ ጀሪካኑን ሞልቶ አጠገባችን አለፈ።

"የፊተኛው አልመጣም" አሉ። "ባጃጁ መመለሻ የለውም ነበር። ሰው ይልክ ይሆን ብዬ ጠበቅሁት። ኋላ በእግሬ ገባሁ።"

እስከ ባታቸው የደረሰው ያ ጭቃ ትዝ አለኝ። እኔ ያን ቀን ሜትር አስይዤ ክፍላቸውን ሳስለካ፣ ያንን ጭቃ የአሮጊት መንፈሳዊነት ነው ብዬ ነበር ያየሁት። ደግፌ አነሳኋቸው። ጥቅልሉን ሰጡኝ፤ "ያዝልኝ፣ ጭቃ እንዳይነካው" አሉ። ቁልቁለቱን ቀስ እያልን ወጣነው።

ባጃጁ ውስጥ ገና እንደተቀመጥን ስልኬ ጮኸ። ወጣቱ ደላላ ነው።

"መምህርዬ፣ የት ጠፋህ? ገዢው ግቢ ውስጥ ነው ያለው! ሎኬሽኑን ወዶታል፣ ማንጎውን ወዶታል፣ ሁሉን ወዶታል። የዚያች የዕቃ ቤት ቁልፍ ብቻ ጠፋን።"

እማሆይ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"ማነው?"

"ደላላው ነው።"

"ምን ይላል?"

"ስለ ቤቱ ነው። ገዢ አምጥቷል።"

እጃቸውን አንገታቸው ላይ ወዳለው ክር ሰደዱ፤ ቁልፉን ጨበጡት።

"ሰው አለበት በለው።"

"ሰው አለበት" አልኩት።